የተቀረጸው ምስል ይገለጥ

ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በእናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ በገደብ ከተማ፣ የትምህርት ቤት አጥር ሊሠራ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ የወረደው የድሮን ጥቃት ከ100 የሚበልጡ ነፍሳትን እንደ ቀጠፈ ነዋሪዎቹ መስክረዋል። በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚያ ዕለት ከላይ ሆኖ ያየው ዐይን ያየውን እንዲመሰክር ነው።

በሰው አልባ አውሮፕላን የሚዋጋ ሠራዊት ሳያይ አይተኩስምና፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የተገጠመው ካሜራ ዒላማውን አስቀድሞ ሲከታተል ይቆያል፤ ፍንዳታውንም ይቀርጻል፤ ጢሱ ከተገፈፈ በኋላም በዚያው ላይ እየዞረ ምን እንደ ፈረሰና ማን እንደ ወደቀ ለአዛዡ ያሳያል። የጦር ባለሙያዎች ይህን የጉዳት ግምገማ ይሉታል። እንግዲህ ማስረጃ ጠፋ ሊባል አይገባም፤ ማስረጃው በመታው ወገን መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛልና።

በውጭ ያለ መርማሪ ግን የሚያየው በሳተላይት ነው፤ ሳተላይትም ብዙ ያያል፣ ብዙም ያልፈዋል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የሽመልባና የሕጻጽ የስደተኞች መጠለያዎች መቃጠላቸው በዓለም የታወቀው፣ ስልክና መንገድ በተዘጋበት ጊዜ፣ ከሰማይ በተነሡ ፎቶግራፎች ነበር፤ እሳት የበላው ሰፈር ጥቁር ምልክቱን መሬት ላይ ትቶ ይሄዳልና። የድሮን ቦምብ ግን እንዲህ አይደለም። ባይራክታር የሚባለው ድሮን የሚሸከመው ማም-ኤል የተባለው መሣሪያ ክብደቱ 22 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ ቆርቆሮ ይበሳ እንደ ሆነ እንጂ ሰፈር አያፈርስም፤ በሜዳ የቆመ ሕዝብ በተመታ ጊዜም ሳተላይቱ በነጋታው ቢያልፍ የሚያገኘው ያንኑ ሜዳ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ደግሞ ለእርሻና ለአካባቢ ጥናት የታሰበች ነበረችና በምስሏ ላይ አንዲት ነጥብ 13.75 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ትይዝ ነበር፤ የገበሬው ጎጆ ከነደጁ በዚያች ነጥብ ውስጥ ይሰወር ነበር። በክረምትማ የጮቄ ተራራ ደመና ሁሉንም ይጋርደዋል።

ኦሪትም ወንጌልም ነገር በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይጸና ያዝዛሉና ምስሉ ከሰው ቃል ጋር መጋጠም ይኖርበታል። በ2014 ዓ.ም. የልደት በዓል ሌሊት በትግራይ፣ በደደቢት፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በተመታ ጊዜ፣ ነገሩ የተጣራው የሳተላይቱ ምስል፣ የቦምቡ ስብርባሪ ፎቶግራፍና የተረፉት ሰዎች ቃል ጎን ለጎን ተመርምረው ነው።

ከአየር የተነሣ ምስል ለተጎጂው ሳይገለጥ መቅረቱ በአገራችን አዲስ አይደለም። የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ አርበኛው በላይ ዘለቀ በቢቸና ምድር በዱር በገደሉ ሲዋጋም ወራሪው አገሪቱን ከአየር ፎቶግራፍ ያነሣት ነበር። ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰሌዳዎች፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ከአናት፣ ሦስት ደግሞ በአግድም የተነሡ ምስሎች ተለጥፈው፣ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ግምጃ ቤት ለብዙ ዘመን ተረስተው ኖረዋል። ዛሬ ሊቃውንት የደንና የእርሻ ታሪክ ያጠኑባቸዋል፤ ቤቱ የተቃጠለበት የዚያ ዘመን ሰው ግን አንዱንም ሳያይ አልፏል። ይህ በእኛ ዘመን ሊደገም አይገባም።

ስለዚህ ድሮን የታጠቀው መከላከያ ሠራዊት የዚያን ዕለት ቀረጻ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያስረክብ። የጦር ምስጢር ነው የሚል መልስ ቢሰጥ፣ ዳኛ በዝግ ችሎት ሊያየው ይችላልና ምክንያቱ አያጠግብም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም የዚያን ሳምንት ጥራት ያለው ምስል ከንግድ ሳተላይቶች ገዝቶ ይጨምርበት። ካሜራው የወደቀውን አካል እንጂ ስሙን አያውቅምና፣ ኮሚሽኑ ወደ ገደብ መርማሪ በላከ ጊዜ ፍትሐት ያደረሱትን ካህናት፣ የዕድሩን ጸሐፊ፣ ቁስለኞችን ያከሙትን የጤና ባለሙያዎች ጠይቆ የእያንዳንዱን ሟች ስም ከነአባቱ ስም፣ ከነዕድሜውና ከነቀበሌው ጽፎ ከምስሉ ጋር በአንድ መዝገብ ያኑር።