ለማን የተሠራ መኪና?

የአገር ስም ቅጽል ሲሆን አይተን እናውቃለን፤ እንደ «ቻይና» ቶሎ የሆነ ግን ያለ አይመስለኝም። ሶኬቱ ተቃጠለ፣ «ቻይና ነዋ!» የጫማው ሶል ተገነጠለ፣ «ቻይና ነዋ!» መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «ኦሪጅናል ነው ቻይና?» የሚል ሰው ስለ ጂኦግራፊ እየጠየቀ እንዳልሆነ ባለሱቁም እሱም ያውቃሉ። «ጃፓን» ደግሞ ሙገሳ ሆናለች። ቃላት ትርጉም መቀየራቸው ዓመታት ሳስተምረው የኖርኩት ጉዳይ ነውና አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ቃሉ በእኛ ፈንታ ማሰብ ሲጀምር ነው።

መኪና ገበያ ውስጥ እያሰበልን ነው። ሰውዬው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን፣ ዕቁቡንና የዘመድ ብድሩን ደማምሮ መኪና ሊገዛ ይነሣል። ደላላውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየት አገር ናት?» ብሎ ነው። «የጃፓን» ከተባለ ልቡ ያርፋል። ኤርባግ አላት? ስትጋጭ ምን ትሆናለች? ማን ፈተሻት? ዋስትናዋስ? ይህን የሚጠይቅ ስንቱ ነው? እኔ የምለው፣ «የየት አገር ናት?» የተሳሳተ ጥያቄ ነው። መጠየቅ ያለበት «ለማን ተሠራች?» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ «ጥራት በደም ነው» የሚለውን ወሬ እናጥራ። «ጃፓን እኮ ሥራ በደሙ ነው፤ ጀርመንማ ተወው!» እንባባላለን። እ.ኤ.አ. በ1887 እንግሊዝ የውጭ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲታወቅ የሚያስገድድ ሕግ ስታወጣ፣ በዋናነት ያሰበችው ርካሽና አስመስሎ የተሠራ የጀርመን ዕቃ ገዢዎቿን እንዳያታልል ነበር። «የጀርመን ሥራ» የሚለው ጽሑፍ «ተጠንቀቅ!» ማለት ነበር። የያኔው እንግሊዛዊ የተሰበረ ቢላዋ ይዞ «ጀርመን ነዋ!» ሳይል አልቀረም። ጃፓንም ብትሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የርካሽ አሻንጉሊት አገር እየተባለች ስትዘበትባት ኖራለች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1957 ቶዮፔት ክራውን የተባለች መኪናውን ይዞ አሜሪካ ሲገባ፣ መኪናዋ የአሜሪካን ፈጣን አውራ ጎዳና አልችል ብላ ጥቂት ዓመት ሳትቆይ ከገበያው ወጣች። ደሙ ያኔም ያው የጃፓን ደም ነበር። ዛሬም ቢሆን ጃፓኖች መላእክት አይደሉም። በቶዮታ ባለቤትነት ሥር ያለው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተና ሲያጭበረብር መኖሩን እ.ኤ.አ. በ2023 ራሱ አምኗል።

ከዚህ የሚጠነክር ምስክር ካሊፎርኒያ ውስጥ አለ። ፍሪሞንት የሚባል ቦታ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሠራተኛው ከሥራ እየቀረ፣ በሥራ ሰዓት እየጠጣ አስቸግሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና ሲከፍቱት የቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያኑ ሰዎች ነው፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው የድሮው ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ድሮ መስመሩ ለምንም አይቆምም፤ የተበላሸው ይለፍና በኋላ ይጠገናል። በአዲሱ አሠራር ግን ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ከራሱ በላይ የተንጠለጠለ ገመድ ይጎትታል፤ ኃላፊው ይመጣል፤ ካልተፈታ መስመሩ ቀጥ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ከዚያ የሚወጣው መኪና ጃፓን ከሚሠራው ጋር የሚፎካከር ሆነ። አገሩ ያው፣ ሰዎቹ ያው።

ሌላው ምስክር ደግሞ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የመኪና ደኅንነት ፈታሾች ሁለት ኒሳኖችን ፊት ለፊት አጋጩ። ሁለቱም ሜክሲኮ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። አንደኛዋ፣ ጹሩ፣ ለሜክሲኮ ገዢ የምትሸጥ ነበረች፤ ኤርባግ አልነበራትም። ሁለተኛዋ፣ ቨርሳ፣ ለአሜሪካ ገዢ የተሠራች ናት። የጹሩዋ ሾፌር በእውነት ሰው ቢሆን ኖሮ ለሞት የሚዳርግ ጉዳት ይደርስበት ነበር፤ የቨርሳዋ በሕይወት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ለአፍሪካ ገበያ የሚቀርብ አዲስ ኒሳን ሃርድቦዲ ፒክአፕ ለአውሮፓ ከተሠራ ያገለገለ ናቫራ ጋር ተጋጨ። የሚሞተው አዲሱን የያዘው ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ኩባንያው አንድ ነው። ደኅና መኪና መሥራት እንዴት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። በሕግ ሲያስገድዱት ይሠራል፤ ዝም ካሉት አይሠራም።

«ተው እንጂ፣» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም፤ «የእኔ ቪትዝ ሃያ ዓመት ሮጣለች፤ ጎረቤቴ የገዛት የቻይና መኪና ግን በሦስት ዓመቷ ተበታተነች። ይሄን ምን ትለዋለህ?» እውነቱን ነው እላለሁ። ግን ቪትዟ ለማን ነበር የተሠራችው? ለእሱ አይደለም። ቶኪዮ ወይም ብራስልስ ለሚኖር፣ ሕግ ለሚጠብቀው፣ ቢከፋው ለሚከስ ሰው ነው የተሠራችው። ያ ሰው ሲጠግባት ወደ እኛ መጣች። የጎረቤቱ መኪና ግን ከመጀመሪያው ለእኛ የታዘዘች ናት፤ አስመጪው «ብቻ ዋጋዋ ይርከስ» ብሎ ያዘዛት። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ዓመታት ያነጻጸርነው ጃፓንን ከቻይና ጋር አልነበረም። ለሚጠይቅ ሰው የተሠራውን፣ ለማይጠይቅ ሰው ከተሠራው ጋር ነው።

ቻይናም እንደ ጠያቂዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ብሪሊያንስ የተባለው የቻይና መኪና ጀርመን ውስጥ በግጭት ሲፈተሽ ያገኘው አንድ ኮከብ ነው። በ2022 የቢዋይዲ አቶ 3 በአውሮፓ ፈተና አምስት ኮከብ አገኘች። አውሮፓ ልትሸጥ የፈለገች አገር የአውሮፓን ጥያቄ መለሰች። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ አዲስ አበባን ያገለገለችውን ላዳ አስታውሱ። ላዳ መሠረቷ የጣሊያን ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች ግን እንዳለች አልተቀበሏትም። «መንገዳችን ይሄ ነው፣ ብርዳችን ይሄ ነው» ብለው ቆርቆሮዋን አስወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አስደረጓት። ያቺን የማትሞት ታክሲ የሰጠን የገዢ ክርክር ነው።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የምኖርበት ሰፈር ለቡ መብራት ኃይል ይባላል፤ ስሙ ቀድሞ ነገሩን ያወቀው ይመስላል፣ በየግቢው መብራት የሚጠጣ መኪና ቆሟል። ከእነዚህ አንዷ የቮልስዋገን አይዲ 6 ናት። «የየት አገር ናት?» በሉኝ እስቲ። ስሟ ጀርመን፣ የተሠራችው ቻይና፣ የተሠራችውም ለቻይና ገዢ ብቻ። የድሮው ጥያቄያችን እዚህ ላይ አፉን ይይዛል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ባትሪዋ ቢሞት ማን ይተካዋል? ፋብሪካው «ጉድለት ተገኝቷል፣ መልሱ» ብሎ ቢጠራ ጥሪው ለቡ ይደርሳል? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ሻጭ ፊት ቆሞ የሚጠቀምበት ግን የታለ?

ይህ የደም ወሬ የሚስማማን ምክንያት አለው። ጥራት በደም ከሆነ እኛ ምንም አይጠበቅብንም፤ «የሐበሻ ሥራ ነው» ብለን ቡናችንን እንጠጣለን። እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁመናል፤ መልካም ነው። ስንት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ግን መፈክሩ ተለጥፎ ገመዱ ተረሳ? «ጌታዬ፣ ይሄ ነገር ልክ አይደለም፣ ይቁም» ያለ ጀማሪ ሠራተኛ አለቃው ያመሰግነዋል ወይስ ያስፈራራዋል? ፍሪሞንትን የለወጠው ያ ገመድ ነው፤ ጎታቹም አልተቀጣም።

ስለዚህ መንግሥት ለሚገባው መኪና የደኅንነት መለኪያ አውጥቶ በአደባባይ ይለጥፍ፤ አስመጪው ዋስትናውን በአማርኛ ጽፎ ይፈርም፤ ገዢው ይህን ካላየ ገንዘቡን አይቁጠር። ሻጩ መልስ ከሌለው መኪናዋ የጃፓንም ብትሆን ትቅርባችሁ።