ጠባሳውን አትፋቁበት

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ በጎ አደርጋለሁ ብሎ ጉዳት የሚያደርሰውን ለመገሠጽ የተነገረ ነው። ዛሬ ይህን ተግሣጽ የማነሣው አሮጌ የድንጋይ ብይ እየገዙ «ላሳምረው» በሚል ሰበብ ወደ መወልወያ ማሽን በሚያስገቡት ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ላይ ነው። ብይ የልጅ መጫወቻ ነውና ነገሩ ለክርክር የማይበቃ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ጥቂት ይታገሠኝ። በአውራ ጣት በምትወረወረው በዚያች ትንሽ ድንጋይ ላይ የሚፈጸመው ጥፋት በታላላቁ ቅርስ ላይ ከሚፈጸመው ጋር አንድ ነው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው የድንጋይ ብይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር፣ ዛሬ ኢዳር ኦበርሽታይን በሚባለው ከተማ አካባቢ ከአጌት የተሠራው ነው። አጌት ኅብረ ቀለም ያላቸው መስመሮች በውስጡ የተደራረቡበት፣ ቢላዋ የማይጭረው ጠንካራ ድንጋይ ነው። የአካባቢው ማዕድን እየተሟጠጠ ሲሄድ ወደ ብራዚል የተሰደዱ የዚያው አገር ሰዎች በሪዮ ግራንዴ ዱ ሱል ብዙ አጌት አገኙ፤ እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮም ድንጋዩ በመርከብ እየተጫነ ይመጣላቸው ጀመር። ሞራጆቹ በወንዝ ውኃ ኃይል በሚሽከረከር ግዙፍ የአሸዋ ድንጋይ መንኰራኵር ፊት በሆዳቸው ተኝተው፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ ከተቸነከረ እንጨት ጋር አስደግፈው፣ አጌቱን በሙሉ ጉልበታቸው ይገፉት ነበር። ርጥበቱና የድንጋዩ ብናኝ ሳንባቸውን ይበላው ነበር፤ መንኰራኵሩም አንዳንድ ጊዜ ፈንድቶ ሰው ይገድል ነበር። ከዚሁ አካባቢ የወጣ የአጌት ዶቃና ማተብ ጌጥ ለአፍሪካ ገበያም ይላክ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ታሪኩ ከእኛ አህጉር ያን ያህል የራቀ አይደለም።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ድካም ምስክር ምንድን ነው? ብዩ ራሱ ነው። ሞራጁ ድንጋዩን በመዶሻ ሸራርፎ ክብ መሰል ካደረገ በኋላ በመንኰራኵሩ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ እያገላበጠ ይሞርደዋል። የሰው እጅ ግን ፍጹም ክብ አይሠራም፤ በእያንዳንዱ መገላበጥ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ገጾች ይቀራሉ። ጥንታዊውን ከአዲሱ ለመለየት የመጀመሪያው ፈተና ይኸው ነው። ብዩን በአንድ መብራት ሥር ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ብርሃኑ ከገጽ ወደ ገጽ እየዘለለ ብልጭ ድርግም ካለ የሰው እጅ አለበት። አንዳች ሳይሰናከል እንደ ውኃ ከፈሰሰ ግን ወይ የማሽን ሥራ ነው፣ ወይ ደግሞ ኋላ ተወልውሏል። የጥሩ ባለሙያ ሥራ ከሆነ ገጾቹ እጅግ ስለሚደበዝዙ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምስክር የጨዋታ ጠባሳ ነው። ብይ ብይን ሲመታ ከገጹ በታች እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈች ስንጥቅ ትቀራለች። የሞራጁ ምልክት ስለ ሠሪው ሲመሰክር፣ ጨረቃዋ ስለ ተጫዋቹ ልጅ ትመሰክራለች። ማሽኑ የሚፈጀው እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ጨረቃዋን ለማጥፋት ሲባል ገጾቹ አብረው ይሄዳሉ፣ ብዩም ያንሳል። ከዚያ በኋላ የመቶ ዓመቱ ብይ ትናንት ከፋብሪካ ከወጣው በምን ይለያል?

ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም። የጀርመን ሞራጆች አጌቱን በማር ወይም በስኳር ውኃ ዘፍዝፈው፣ ቀጥሎም በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አቆይተው ማጥቆር ያውቁ ነበር፤ አረንጓዴና ሰማያዊም ያደርጉት ነበር። ስለዚህ «ቀለሙ ተፈጥሯዊ ስላልሆነ አዲስ ነው» የሚል ፍርድ ችኩል ነው። ብርጭቆ ግን ብዙ ጊዜ በውስጡ የአየር አረፋ ይታይበታል፤ አጌት አረፋ የለውም። የኖራ ድንጋይ ብይ ደግሞ ለስላሳና ደብዛዛ ነው፤ በባቫሪያ አልምባኽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1683 ጀምሮ ይህን መሰሉን በውኃ ኃይል የሚያሾር ወፍጮ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ ማርቲን ክሪስተንሰን ለብርጭቆ ብይ መሥሪያ ማሽኑ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1914 የተነሣው ጦርነትም የጀርመንን ንግድ ሲዘጋው ገበያው ወደ ብርጭቆው ዞረ። በእጅ የተሞረደው አጌት ዳግም በዚያ ብዛት አልተመረተም። የጠፋው አይተካም የምለው ለዚህ ነው።

የመወልወል ጠበቆች ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው «ንብረቴ ነው» የሚለው ነው። ነው፤ ነገር ግን ሕግ የፈቀደው ሁሉ ማስተዋል ያለበት አይደለም። ሁለተኛው «ሞራጁም አብለጭልጮ ነበር የሸጠው፤ እኔ የመለስሁት ወደ ቀድሞ ክብሩ ነው» የሚል ነው። ሞራጁ በእንጨት ላይ ሲያብለጨልጨው የእጁ ገጾች እንዳሉ ነበሩ፤ የዛሬው ማሽን የሚሰጠው ሌላ ብይ ነው። ሦስተኛው «ገዢ የሚፈልገው ንጹሕ ብይ ነው» ይላል። ገዢው እንዲህ የሚፈልገው ነጋዴው እንዲህ ስላስለመደው ነው። የተወለወለውን «ያልተነካ» ብሎ መሸጥ ደግሞ በግልጽ ቋንቋ ማጭበርበር ይባላል።

በእኛ ቀጠና አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል፤ ክብ ድንጋይ ሁሉ ብይ አይደለም። በታንዛኒያ ኦልዱቫይና በኢትዮጵያ መልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች የቀጠቀጧቸው ክብ ድንጋዮች ተገኝተዋል። እነዚህ የማንም ኪስ ሲሳይ አይደሉም። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ ያዛል። ከነበረበት አፈር የተነቀለ ድንጋይ አፉ እንደ ተለጎመ ሰው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብዩን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት፤ እርስ በርሱ እንዳይጋጭ ለየብቻ ጠቅልሉት፤ ከማን፣ ከየትና መቼ እንዳገኛችሁት ጻፉ። የተወለወለውን የምትሸጡ ደግሞ መወልወሉን ተናገሩ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንዲሉ፣ የሰብሳቢ ማንነት የሚታወቀው በአያያዙ ነው።

በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም ቀብቶ «አደስሁት» በሚል ሰው ስንቶቻችን አዝነናል! እድፍ ይታጠባል፤ ጠባሳ ግን እድፍ አይደለም። በሆዱ ተኝቶ ሳንባውን የከፈለውን ሠራተኛና ስሙ ያልተጻፈውን ልጅ የሚያስታውስ ሌላ መዝገብ የላቸውም። ያችን አንዲት መስመር እንዳታጠፉባቸው።