ጾም ሲገባ ማኅበር፣ ሲፈታ ደላላ

በሱሉልታና በሰላሌ መስመር ወተት የሚሰበስብ የገበሬ ማኅበር ያለበት መንደር ሁሉ ይህን ያውቃል። ፋሲካ እንደተፈታ ደላላው በሞተር ይመጣና በሊትር ጥቂት ብር ይጨምራል። የማኅበሩ በር ጭር ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ደላላው ይጠፋል፤ 55 ቀን ሙሉ ጿሚው የከተማ ሰው ወተት አይገዛም፣ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ያኔ ያው ጎረቤት ጀሪካኑን ተሸክሞ «ማኅበራችን» እያለ ይመጣል። ማኅበሩም አይመልሰውም። ይቀበላል፣ ይንጣል፣ ቅቤና አይብ ያደርገዋል፣ ያልተሸጠውን ይሸከማል።

ይህን ብልጠት የሚሉት አሉ። የምን ብልጠት! የመናጫው፣ የማቀዝቀዣው፣ በዱቤ የተወሰደው ፉርሽካ ዕዳ የሚከፈለው በፍስክ ወተት ነው። በፍስክ የሸሸ ሰው በጾም የሚጠለልበትን ጣሪያ በገዛ እጁ እያፈረሰ ነው።

«ደርግም ማኅበር ብሎ አስገድዶን ነበር» ይባላል። እውነት ነው። ያኔ መሬቱም በሬውም በግድ ተቀላቀለ፤ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው በአንድ ሰሞን በተነው፣ ደግም አደረገ። አሁን ግን ላሟ የባለቤቷ ናት። በአዋጅ 985/2009 መግባትም መውጣትም በፈቃድ ነው፤ ሁለት ላም ያለውም ሃያ ያለውም አንድ ድምፅ አለው።

ኮሚቴው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሒሳብ ሳያስመረምር ዓመት የሚያሳልፍ፣ ክፍያ የሚያዘገይ ሞልቷል። እሱን የሚያወርደው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በጉባኤው ቀን ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። «ጊዜ የለኝም» ብሎ የቀረው አባል ግን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጀሪካኑን ይዞ ደጁ ላይ የደላላውን ሞተር ሲጠብቅ ይታያል።