ሆፕ ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት ጌሾን እንወቅ

ቢራ በቤት ውስጥ መጥመቅ የሚያስተምር ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፔል ኤል ነው፦ ሆፕ የበዛበት፣ መረር ያለ፣ ሽታው የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ የሚያስታውስ ቢራ። እኛም ዘንድ ይህን ለመሞከር የሚጓጉ ወጣቶች አሉ። ጉጉታቸውን አልቃወምም። የምቃወመው ሙያው ለዚህ አገር አዲስ እንደሆነ አድርገን ማውራታችንን ነው።

ይህን የምጽፈው ከከሚሴ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ ተቀምጦ ስለ ቢራ መጻፍ አጉል ድፍረት ሊመስል ይችላል። ግን ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ እዚሁ ከሚሴ ይመጣል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። የገብስ ብቅል ተከክቶ ከ65 እስከ 67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። በዚያ ሙቀት ብቅሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጭማቂው ተጠልሎ አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል። መጀመሪያ የገባው ሆፕ ምሬት፣ መጨረሻ የገባው ደግሞ መዓዛ ይሰጣል። ከዚያ ይቀዘቅዝና እርሾ ተጨምሮበት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ስኳር ይጨመርበታል፤ ጋዙን የሚፈጥረው እሱ ነው። ስኳሩ ከበዛ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

አሁን ጠላ ጠማቂዋን ተመልከቱ። ገብሱን ዘፍዝፋ፣ አብቅላ፣ አድርቃ ብቅል ታደርገዋለች። ጋኑን አጥባ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ጌሾና ብቅሉን በውኃ በጥብጣ ትጠነስሳለች። ቂጣውን ወይም እንኩሮውን ጨምራ ትደፈድፋለች። አፉን ዘግታ ትጠብቃለች። ማጠቡና ማጠኑ ዩቲዩብ ላይ «ሳኒቴሽን» የሚሉት ነው። ጌሾው የሆፑን ቦታ ይዟል። ጠላ በሞቃት ቦታ የሚፈላ በመሆኑ፣ ፋብሪካዎቻችን በብዛት ከሚያመርቱት በቅዝቃዜ ከሚብላላው ላገር ይልቅ ለኤል ይቀርባል።

ጌሾም ዝም ብሎ ቅጠልና እንጨት አይደለም። የኬሚስትሪው ሊቅ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር ከጌሾ ቅጠል መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» በሚል ስም በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት አሳትመዋል። ጥናቱ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ግን «ለአንድ ሊትር ስንት ግራም ጌሾ፣ መቼ ይግባ፣ ስንት ሰዓት ይቆይ» ብሎ የሚያስተምር የጀማሪ መመሪያ ስንቶቻችን እጅ ላይ አለ? ለሆፕ ግን በስልካችን ላይ እልፍ መመሪያ እናገኛለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሉት ይህ ነው።

እውነቱን ሁለቱንም ወገን እንናገር። ጠላ ችግር አለበት። የሚፈላው ከአየር፣ ከዕቃውና ከእህሉ በሚገኝ እርሾና ባክቴሪያ ስለሆነ የዛሬው ጥሩ ሆኖ የሚቀጥለው ሊሆምጥጥ ይችላል። በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ንጹሕ ያልሆነ ውኃና ዕቃ ጤና ይጎዳል። ፔል ኤል ጠማቂው ግን ቴርሞሜትር አለው፣ የስኳሩን መጠን የሚለካበት ሃይድሮሜትር አለው፣ ያደረገውን ሁሉ የሚጽፍበት ደብተር አለው። ከውጭ ልናመጣው የሚገባ ነገር ካለ ይሄ ልማድ ነው፤ መለካትና መጻፍ።

ሆፑን ማምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ነገር በዶላር ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጌሾው ግን ብርና ሰንቲም ብቻ ይዘው በሚሄዱበት ገበያ ይሸጣል።

የኖርዌይ ገበሬዎችን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። በምዕራብ ኖርዌይ ቤተሰቦች «ክቫይክ» የሚሉትን የቢራ እርሾ እያደረቁ ለልጅ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ላርስ ማሪዩስ ጋርሾል የሚባል ሰው በየመንደሩ እየዞረ ጻፈው፤ ቤተ ሙከራዎችም መረመሩት። ዛሬ ያ እርሾ በፓኬት ታሽጎ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ያለ ችግር መሥራቱ ተወዳጅ አድርጎታል። የእኛ ጋኖችስ? በቦርከና ሸለቆ ሙቀት ውስጥ ሲፈሉ የኖሩ ጋኖች ውስጥ ምን ዓይነት እርሾ አለ? ይህን የሚመልሰው ከዚሁ የሚነሣ ተመራማሪ እንጂ ከውጭ የታዘዘ ፓኬት አይደለም።

አሁን ወደ ከሚሴ እንመለስ። እዚህ በብዙ ቤት የድግስ መጠጥ ጠላ ሳይሆን ቀሪቦ ነው። ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ያድራል። ሙያው ያው የመጥመቅ ሙያ ነው፤ ዓላማው ግን ስካር አይደለም። ስኳርና እርሾ አብረው ከቆዩ ደግሞ አልኮል መፈጠሩ አይቀርም። ለዚህ ነው ቀሪቦ ሳይቆይ የሚጠጣው። ባለሙያዋ ሴት ይህን በጣዕም ታውቀዋለች። ገዢው ግን በምን ይወቅ? በሃይማኖቱ የሚያሰክር ነገር የማይነካ ሰው፣ ኩባያው ውስጥ ያለውን በእርግጠኝነት የማወቅ መብት አለው። ለፔል ኤል ጠማቂው መዝናኛ የሆነው መለኪያ፣ ለቀሪቦ ሻጯ የእምነት ጉዳይ ነው። በትክክል ተለክቶና ቀኑ ተጽፎበት የሚሸጥ ቀሪቦ በየሠርጉ የለስላሳ ጠርሙስን መፎካከር ይችላል።

የምለው እንግዲህ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ከከሚሴ ሩቅ አይደለም። እዚያ የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ አለ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አለ። የጌሾን መጠን፣ የጠላን እርሾና የቀሪቦን የአልኮል መጠን ማጥናት ለተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ሥራ ነው። ውጤቱ ግን መደርደሪያ ላይ መቅረት የለበትም፤ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ወደ ጓዳ ይመለስ።

ሁለተኛ፣ ጠላና ቀሪቦ ሸጣ ልጆች የምታሳድግ ሴት እንደ አምራች ትቆጠር። ብድር ስትጠይቅ ጋኗና ደንበኞቿ ንግድ ተብለው ይታዩላት። የንጽሕና ሥልጠና ከቁጥጥሩ ይቅደም።

ሦስተኛ፣ ጀማሪው ወጣት የመጀመሪያውን ፔል ኤል በጌሾ ይሞክር። በትንሹ፣ በአምስት ሊትር ይጀምር። ግማሹን በሆፕ፣ ግማሹን በጌሾ ይጥመቅና ያወዳድር። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ባለሙያ እናት ዘንድ ቁጭ ብሎ ይይ፤ ያየውንም ይጻፍ።

«እህል በተወደደበት አገር ስለ መጥመቅ ታወራለህ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ፋብሪካውም ገብስ ነው የሚወስደው። ከጋኑ የወጣው አተላ ደግሞ ለከብት ይሆናል፤ ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቀራል። «ስካር ታበረታታለህ» ለሚለኝም መልሴ ቀሪቦ ነው። የመጥመቅ ዕውቀት ለማይጠጣ ሰውም እንደሚያገለግል ከሚሴ ምስክር ናት።

ዕውቀቱ የሚጠፋው ግን ተከራክረን ስንሸናነፍ አይደለም። የምታውቀው ሴት ሳይጠይቃት ሳይጽፍላት ስትሞት ነው። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ጠላ ወይም ቀሪቦ የሚያዘጋጁ ከሆነ በዚህ ሳምንት መጠኑን ጠይቃችሁ ጻፉት። ከፈቀዱላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ አስፍሩት፤ ሰብስቤ በዚሁ ቻናል አወጣዋለሁ።