ለተወዛዋዥ የሚሰጥ ድጎማ ምጽዋት ነውን?

በንግድ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው የዕቃ ማዘዣና የሒሳብ ማስታወቂያ ነው፤ ነገር ግን በእጁ ከሚያልፉት ወረቀቶች መካከል ርዳታ የሚለምኑ ደብዳቤዎችም አይታጡም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ውዝዋዜ የሚማሩ ወጣቶች የጻፉት አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የጠየቁትም የመለማመጃ ክፍል የሦስት ወር ኪራይ ነበር። የማገለግላቸው ነጋዴ አንብበው፣ «ለጭፈራ ገንዘብ ብንሰጥ ምን ይመለስልናል? በጨዋ ቃል መልስላቸው» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ለጊዜው ስላልተመቸን» ብዬ ጻፍሁና ማኅተም አደረግሁበት። እርሳቸው ንፉግ አይደሉም፤ ለተቸገረና ለታመመ ሲሰጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጥያቄያቸው የነጋዴ ጥያቄ ስለ ሆነ ተገቢ መልስ ይሻል፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ዝም አልሁ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጋዜጣ ለእርሳቸውም ለባልደረቦቻቸውም መልሱን ላቀርብ አሰብሁ።

መልሱ የሚገኘው ከአንድ ነጋዴ ሥራ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁሊየስ ሮዘንዋልድ በአሜሪካ አገር በልብስ ንግድ ያደገ፣ በኋላም ሲርስ ሮባክ የተባለውንና ዕቃ በፖስታ ለገጠሬው የሚልከውን ታላቅ ድርጅት የመራ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚኖሩት የጥቁር ሕዝብ ልጆች በቂ ትምህርት ቤት ስላልነበራቸው፣ በእርሱ ርዳታ ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ይሁን እንጂ ሙሉውን ወጪ አይከፍልም ነበር፤ የየመንደሩ ሰው በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በመሬት ድርሻውን ማዋጣት ነበረበት። በ1917 ያቋቋመው የርዳታ ድርጅት ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ተስፋ ለሚጣልባቸው ጥቁር ምሁራንና አርቲስቶች የጥናት ድጎማ ይሰጥ ጀመር፤ ይኸውም አንድ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የዕለት እንጀራ ሳያስጨንቀው ሙያውን እንዲያጠና የሚያስችል ገንዘብ ነው።

በ1935 ከተሸለሙት አንዷ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ካትሪን ደንሃም ናት። ምን ለማጥናት እንደምትፈልግ በተጠየቀች ጊዜ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ተነሥታ በዳኞቹ ፊት እንደ ተወዛወዘች ይነገራል። በተሰጣት ገንዘብ ወደ ጃማይካ፣ ወደ ሃይቲ፣ ወደ ማርቲኒክና ወደ ትሪኒዳድ ሄዳ፣ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ልጆች ጠብቀው ያቆዩትን ውዝዋዜ ከባለቤቶቹ ተማረች። ከዚያ ተመልሳ ያቋቋመችው ቡድን ብዙ አገሮችን ዞረ፤ በ1940ዎቹም በኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ከፈተች። ቡድኗን በሎስ አንጀለስ ካዩት ወጣቶች አንዱ አልቪን ኤይሊ ነበር፤ እርሱም በ1958 የራሱን ቡድን መሠረተ፤ ቡድኑም እስከ ዛሬ በዓለም መድረኮች ላይ ይታያል።

እንግዲህ የእኛ ነጋዴ «ምን ይመለስልናል?» ላሉት እውነተኛው መልስ ይህ ነው፤ ለሰጪው ኪስ የሚመለስ ነገር የለም። ሮዘንዋልድ በ1932 ስለ ሞተ፣ ደንሃም ስትሸለም አላየም። ከሞተ በኋላም የድርጅቱ ገንዘብ በ25 ዓመት ውስጥ ተሰጥቶ እንዲያልቅ አዝዞ ነበር። ገንዘቡ ሊያልቅ በተቃረበበት በ1948 ዓመት ፐርል ፕራይመስ የተባለችው ተወዛዋዥ ድጎማውን ተቀብላ የአፍሪካን ውዝዋዜ ልታጠና ወደ አህጉራችን መጣች። የአንድ ነጋዴ ትርፍ፣ እርሱ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ እንደ ዘር ተባዛ።

ይሁን እንጂ ዘር ያለ መሬት አይበቅልም፤ ድጎማም ያለ ማኅበር ብቻውን አይበቃም። በባሌት ሙያ ታላቅ ስም ያገኘው አርተር ሚቸል፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ከተገደሉ በኋላ በሃርለም ሰፈር ልጆችን ማስተማር ጀመረ። መለማመጃው የመኪና ጋራዥ ነበር፤ ከሙቀቱ የተነሣ በሩ ክፍት ስለሚሆን መንገደኛው ቆሞ ያይ፣ ልጆችም ይገቡ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ 30 የነበሩት ተማሪዎች 400 ሆኑ፤ በ1969ም የሃርለም የዳንስ ቲያትር ተመሠረተ። ያም ሆኖ በ2004 ዕዳ ስለ በዛበት ቡድኑ ሥራውን አቁሞ የቆየው ለብዙ ዓመታት ነው፤ ዳግመኛ መድረክ ላይ የወጣው በ2012 ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ጨርሶ ስላልጠፋ የሚመለሱበት ቤት አልታጣም።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ አዱኛ በተባለው የውዝዋዜ ቡድን ያደገው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ፣ በ2004 ሮሌክስ የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ድርጅት በሚሰጠው ዕድል ከታወቀው የጃፓን የዳንስ መምህር ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሊሠራ ተመረጠ። ከመካከላችን ያንን ሰዓት በእጃቸው የሚያሥሩ አሉ፤ ለወጣቱ ገንዘብ ያወጣው ግን የሩቁ ሰዓት ሠሪ ነው።

«ከአሥሩ ስንቱ ይሳካለታል?» የሚል ይኖራል። ሁሉም አይሳካለትም። ነገር ግን ያስመጣው ዕቃ ሁሉ ያተረፈለት አስመጪ፣ የላከው ቡና ሁሉ በጥሩ ዋጋ የተሸጠለት ላኪ ማን ነው? ዕቁብስ ብንጥል ገንዘቡ ለሁሉ ተከፋፍሎ ጥቂት በጥቂት ከሚሰጥ ይልቅ ለአንዱ በአንድ ጊዜ ሲደርሰው ሱቅ ይከፍትበት የለምን? እንዲሁም ለብዙዎች ሳንቲም ከመበተን ይልቅ አንድን ወጣት ሙሉ ዓመት ማስተማር ይሻላል።

ስለዚህ የምክር ቤታችን አባሎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው በየዓመቱ ለአንድ ወይም ለሁለት ወጣት ተወዛዋዦች የዓመት ድጎማ ይስጡ፤ መራጮቹም ሙያውን የሚያውቁ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ሮዘንዋልድ እንዳደረገው የወጣቱ ሰፈር ሰዎችም ጥቂት እንዲያዋጡ ይጠየቅ፤ ሰው ያዋጣበትን ነገር ይጠብቀዋልና። ሦስተኛ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ተቆልፎ የሚያድር ባዶ መጋዘን ያለው ሰው፣ ዘበኛው ባለበት በሳምንት ሁለት ቀን ይክፈትላቸው። ይህ የመጨረሻው ከመብራት በቀር ምንም ወጪ የለበትም።

እኔም ለወጣቶቹ ደብዳቤ ሁለተኛ መልስ አርቅቄ በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።