«ሰው አታስደንግጪ» አትበሉኝ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አልጋዬ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ልጄ በእንቅልፍ ልቧ የረገጠችኝ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው መጋጨት ጀመሩ። ኩሽና ያስቀመጥኩት የጀሪካን ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ተላቆ ወደ እኛ ሲያዘነብል፣ ከዚያ ተመልሶ ግድግዳውን ሲመታ በዓይኔ አየሁ።

ምን አደረግሁ? ልጄን አፈፍ አድርጌ በባዶ እግሬ በደረጃው ተንደረደርኩ። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ የሕንጻው ሰው በሙሉ ይገፋፋል። ብርድ ልብስ የተከናነበ አለ፣ ስልኩን እያበራ የሚወርድ አለ፣ እናቱን ያዘለ አለ። ታች ደርሰን የት ቆምን? በሁለቱ ብሎኮች መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ። ከራሳችን በላይ የመስኮት መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ ውሃ የሞላ ሮቶ። እዚያ ቆመን «ተመስገን፣ ተረፍን» ተባባልን። መንቀጥቀጡ ትንሽ በርትቶ ቢሆን ኖሮ ደረጃው ላይ ያላለቀው ሰው እዚያች መተላለፊያ ውስጥ ያልቅ ነበር።

ያን ሌሊት ያደረግሁት ሁሉ ስህተት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ይህ ሁሉ ዓመት ቢሮ፤ አንድ ቀን፣ አንድም ሰው «መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዲህ አድርጊ» ብሎኝ አያውቅም። የምኖረው ግን ስምጥ ሸለቆ የሰነጠቃት አገር ውስጥ ነው!

በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ እጄን አወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ፣ ስለዚህ ነገር እንነጋገር አልኩ። ሰብሳቢው ትልቅ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። «ልጄ፣ ሰው አታስደንግጪ። እሱ ያውቃል» አሉኝ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለ አጥሩ ቀለም አንድ ሰዓት ተከራከርን። ክሬም ይሁን ግራጫ።

ሰው አታስደንግጪ! ይህን ቃል ስንቴ ሰማችሁት? ቤት ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ? ያን ሌሊት በባዶ እግራችን ያስወጣን እኮ የእኔ ወሬ አልነበረም። መሬቱ ራሱ አስደንግጦናል። ደግሞስ ያን ሰሞን «ዛሬ ሌሊት በ8 ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚለውን መልእክት በቴሌግራም ሲቀባበሉ ያደሩት እነማን ናቸው? እነዚሁ አይደሉም? አንዷ ጎረቤቴ ለእኔ ብቻ ሦስት ጊዜ ልካልኛለች። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም፤ ጃፓንም የለም። ውሸቱ ሲሰራጭ ማንም «ሰው ታስደነግጣለህ» አላለም። ጠረጴዛ ስር ስለመግባት ሲነሳ ግን ሁሉም ልቡ ደካማ ሆነ።

ሁለተኛው መሸሸጊያቸው «እሱ የአፋር ነው፣ እዚህ አይደርስም» የሚል ነው። የአፋር ነው? መንቀጥቀጡ ከበረታበት አካባቢ፣ ከፈንታሌ ተራራ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የታኅሣሡ መንቀጥቀጥ መጠን ከ5.5 በላይ ነበር። የካቲት 7 ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ግድም ደግሞ 6 የደረሰ መጣ፤ አዲስ አበባ እንደገና ከፎቅ ወረደች። በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ቤቱ ፈርሶ ከቀዬው ሲነሳ፣ እኛ በሩቅ አገር የደረሰ ይመስል ዜናውን አይተን ቴሌቪዥኑን አጠፋን። ማጀቴን የሚያስታውስ አለ? ካራ ቆሬንስ? በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ሰርዶ የምትባለውን ከተማ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ሌላ መንቀጥቀጥ አፈረሳት። አዲስ አበባ ራሷ የተቀመጠችው በዚያው ሸለቆ ትከሻ ላይ ነው። አዳማ፣ ሞጆና ሐዋሳማ ሸለቆው ውስጥ ናቸው። ምድሩ በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየተለካ ይለያያል፤ እኛ «አይደርስም» ስላልን አያቆምም።

ሦስተኛውን ስናገር ብዙ ሰው ይቆጣኛል። ይቆጣ። «ቁጣ ነው፣ ንስሐ እንግባ እንጂ ሌላ መላ የለውም» ይሉኛል። እኔም እጸልያለሁ። ያን ሌሊት አፌ ላይ የነበረው የእመቤታችን ስም ነው። ግን ልጁ ሲታመም ጸሎት አድርሶ ሐኪም ቤት የማይወስድ ማን ነው? መኪናው ፍሬን እንቢ ሲለው ዳዊት ደግሞ ብቻ ቁልቁለት የሚወርድ ማን ነው? ለፍሬን መካኒክ የሚፈልግ ሰው ለሚኖርበት ሕንጻ ኮለን ሲሆን ለምን «እሱ ያውቃል» ይላል?

በፈረንጆቹ 2010 ሄይቲ ውስጥ መጠኑ 7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት፣ በሁለተኛው ወር ቺሊ ውስጥ 8.8 የሆነ መጣ፤ ጉልበቱ ከሄይቲው ወደ 500 እጥፍ ይበልጣል። ቺሊ የሞተባት ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ፈጣሪ ሄይቲን አብዝቶ ጠልቶ ነው? ደፍሮ እንዲህ የሚል አለ? ቺሊ ውስጥ ሕንጻው በደንብ ታስሯል፣ ሄይቲ ውስጥ አልታሰረም። ቱርክም አለችላችሁ። በፈረንጆቹ 2018 መንግሥት ያለ ፈቃድ የተሠራውን ሕንጻ ገንዘብ እያስከፈለ ሕጋዊ አደረገ። በ2023 ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ቱርክ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ደረሰኝ አርማታን አያጠነክርም።

እኛ ዘንድ ሕግ ስለጠፋ ነው እንዳትሉኝ። አገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥን ታሳቢ ያደረገ የሕንጻ ኮድ ቢያንስ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አላት። የሕንጻ አዋጁም በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። ወረቀቱ ሼልፍ ላይ አለ፤ ሳይቱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ የሚሠራውን ፎቅ በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ አየዋለሁ። ኮለኑን የሚያስረው ስታፋ ተራርቆ ቆሟል፤ በተለይ ቢምና ኮለን በሚገናኙበት፣ ተቀራርቦ መታሰር ባለበት ቦታ፣ ክንዴ ያለ ችግር ያልፋል። አርማታው ሲሞላ አንዱ ልጅ በባልዲ ውሃ ጨመረበት። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «እንዲፈስ ነዋ፣ እህቴ» አለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ በውሃ የቀጠነ አርማታ ሲደርቅ ደካማ እንደሚሆን ማንም አልነገረውም። ይህን የሚያውቁት ባለሙያዎች ግን የት ነበሩ? ፊርማቸው እኮ ወረቀቱ ላይ አለ። ሕንጻው አልቆ ሲመረቅ በመስታወት ተሸፍኖ ያብለጨልጫል፤ ገዢውም የሚጠይቀው ስለ ሴራሚኩና ስለ ጂፕሰሙ ነው። ስለ ፌሮው የሚጠይቅ አላየሁም።

ጣቴን በኮንትራክተር ላይ ብቻ ቀስሬ አላበቃም። እኛስ? የእኛው ብሎክ ምድር ቤት ላይ ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ ተንዷል። መዶሻው ሲመታ ሦስት ቀን ሙሉ ሰምተናል። ከላይ አራት ፎቅ ብሎኬት ተጭኖ ከታች ባዶ ኮለን ብቻ ሲቀር ምን ይሆናል? ምድር ሲንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚታጠፈው ያ የታችኛው ወለል ነው። የላዩ ሙሉ በሙሉ ቁጭ ይልበታል። ማን ተናገረ? ማንም። ባለሱቁ ጨዋ ነው፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ስኳር በዱቤ ይሰጣል። አንድ ቃል ብንተነፍስ ይቀየመናል ብለን ሠላሳ ቤተሰብ አደጋ ላይ ተኝቷል። ይሉኝታችን እዚህ ድረስ ደርሷል!

ማንም አላስተማረንም፤ ስለዚህ ያነበብኩትን ልናገር። ፎቅ ቤት ውስጥ ሆነህ ሲጀምር አትሩጥ። ደረጃ ሰው የሚወድቅበት፣ የሚረጋገጥበት፣ ብሎኬት የሚዘንብበት ቦታ ነው። ሊፍትማ አይታሰብም። በርከክ ብለህ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግባ፣ አንገትህን ሸፍን፣ የጠረጴዛውን እግር ጨብጥ፤ ጠረጴዛው ሲሄድ አብረህ ሂድ። አልጋ ላይ ከሆንክ እዚያው ቆይ፣ ትራስህን ራስህ ላይ አድርግ። ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ራቅ። የድንጋይና የጭቃ ቤት ሌላ ነው፤ በሩ አጠገብህ ከሆነ ፈጥነህ ወደ ሜዳ ውጣ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ጋዙን ዝጋ፣ ጫማ አድርግ፣ በደረጃ ውረድ፤ ከሕንጻና ከመብራት ገመድ ርቀህ ቁም። ተከታዩ ስለሚመጣ «አለቀ» ብለህ ወዲያው አትመለስ።

ይህን ለማንበብ ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ? ይህችን ነው እንዳታስደነግጪ ተብዬ የተከለከልኩት። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንለማመዳለን፤ «ተንቀጠቀጠ!» ስላት ምግብ ጠረጴዛው ስር ትገባለች፣ እግሩን በሁለት እጇ ትይዛለች። አልደነገጠችም። ይልቅ ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት እየባነነች ትጠራኝ የነበረው አሁን ቆሟል። ቁም ሳጥኑንም በሁለት ብረትና በአራት ብሎን ከግድግዳው ጋር አሳስሬዋለሁ። ሠራተኛው ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀበትም።

እሑድ ጠዋት ስብሰባ አለን። አጀንዳው የአጥሩ ቀለም መዋጮ ነው። ሁለት ጥያቄ ይዤ እገባለሁ፦ የሕንጻችን የስትራክቸር ፕላን የት ነው? የምድር ቤቱ ግድግዳ የተናደው በማን ፈቃድ ነው? መልስ ሳላገኝ ለቀለም አምስት ሳንቲም አላወጣም። ያን ሌሊት ደረጃው ላይ ከጎኔ በባዶ እግራችሁ የነበራችሁ ሁሉ፣ በዚህ ጊዜ ራሳችሁን ብቻ አትነቅንቁ፤ እጃችሁን አውጡ።