የፔጆዋ ቡሽ የምታስተምረን ፊዚክስ

ድሬዳዋን ያወቀ ሁሉ ፔጆ 404ን ያውቃል። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ቀረበ፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ አሸነፈ፤ በከተማችንም ታክሲ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሕዝብ አመላለሰ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ቁጥሩ ቢመናመንም፣ የቀሩትን በሕይወት ያቆየው የመካኒኮቻችን እጅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዝናውን ሳይሆን ከሥሩ የተደበቀችውን የላስቲክ ቡሽ ነው። አቋማችን አጭር ነው፦ ያረጀች ቡሽ በላስቲክ ቡሽ ትተካ፤ ብሎኗም መኪናው በአራት እግሩ ቆሞ ይጥበቅ። ሁለቱም ነጥቦች ጋራዥ ውስጥ ያከራክራሉ፤ ክርክሩን የሚፈታው ግን በክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስ ነው።

ቡሽ ማለት ሁለት የብረት ቱቦዎችና በመካከላቸው የተጣበቀ ላስቲክ ናት። የውጭው ቱቦ ጎማውን በሚይዘው ክንድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ የውስጡን ቱቦ ደግሞ ብሎን ከመኪናው አካል ጋር አጥብቆ ይይዘዋል። ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል አንዱ ብረት በሌላው ላይ አይንሸራተትም፤ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። ስለዚህ ግራሶ አያስፈልጋትም። እንዲያውም የማዕድን ዘይት የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጠዋል፤ ስትገባ እንድታልፍ ከተፈለገ የሳሙና ውኃ ይበቃል። በሞርሳ ስትገፋም ኃይሉ በውጭው ቱቦ ላይ እንጂ በላስቲኩ ላይ ማረፍ የለበትም።

አሁን ወደ ብሎኑ እንምጣ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል፣ ክንዱ ለምሳሌ 20 ዲግሪ ወደ ታች ወረደ እንበል። ብሎኑ በዚያው ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ገና ሳይጓዝ 20 ዲግሪ ተጠማዝዟል ማለት ነው። መንገድ ላይ ጉብታ ክንዱን 15 ዲግሪ ቢያነሣው ጥምዘዛው 35 ይደርሳል። በትክክል በጠበቀች ቡሽ ላይ ግን 15 ብቻ ነው። በሁክ ሕግ መሠረት ላስቲኩን የሚጎትተው ኃይል ከጥምዘዛው ጋር አብሮ ያድጋልና፣ የመጀመሪያዋ ቡሽ በአጭር ጊዜ ብትቀደድ ሊያስገርመን አይገባም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብሎኑን ለቀቅ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናውን በጎማዎቹ ላይ ማቆም፣ ከዚያም ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ማጥበቅ። ክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር መግባት ግን ሞትን መጋበዝ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ከባድ ነው። «ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፣ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ውድ ነው፤ በቶርኖ የተቀረጸ የናይለን ወይም የነሐስ ቡሽ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የሚሉ አሉ። የኪስ ጉዳይ በመሆኑ ሐሳቡን መናቅ አይገባም። የድሬዳዋ ሙቀትም ላስቲክን እንደሚያስረጅ እናምናለን። ይሁን እንጂ ጠንካራና ግትር አንድ አይደሉም። በኮብልስቶን መንገድ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል፤ ድንጋዮቹ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቢደረደሩ ጎማው በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል። ሞላው የመኪናውን አካል የሚያወዛውዘው በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል ነው፤ ፈጣኑ ንዝረት ሞላውን ትቶ በክንዱ በኩል ወደ አካሉ ይሻገራል። በዚያ በር ላይ የቆመችው ዘበኛ ቡሿ ናት። ላስቲኳ በተጠማዘዘ ቁጥር ከንዝረቱ ጉልበት የተወሰነውን ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች። ግትሩ ነሐስ ግን ምቱን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት የአካሉ ቆርቆሮ፣ የብየዳው መገጣጠሚያና የተሳፋሪው ወገብ ናቸው። ለውድድር መኪና ትክክለኛ አያያዝ ከምቾት ስለሚቀድም ግትር ቡሽ ሊመረጥ ይችላል፤ ሕዝብ ለሚያመላልስ መኪና ግን አይመረጥም። ያለቀችውን ቡሽ እንዳለች መተውም ምርጫ አይደለም፤ ጎማው አቅጣጫውን ይስታል፣ ወዳንድ ወገን ይበላል፣ ፍሬን ሲያዝም መኪናው ይጎትታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ሲፈልጉ ሩቅ እንዳይሄዱ እንመክራለን። አንዲት አዲስና አንዲት አሮጌ ቡሽ፣ አንድ ሞርሳ፣ የብረት ዘንግ፣ የስፕሪንግ ሚዛንና የማዕዘን መለኪያ ከተገኙ፣ የእያንዳንዷን የጥምዘዛ ግትርነት ለክቶ በግራፍ ማስቀመጥ ይቻላል። በቶርኖ ቤት የተሠራውንም በዚያው መለኪያ ማወዳደር ነው። ውጤቱ ለመካኒኩ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ተማሪውም ከመካኒኩ እጅ መጽሐፍ ውስጥ የማያገኘውን ይማራል። ምድር ባቡር የወለዳትና በባቡር ጋራዥ ያደገችው ድሬዳዋ የእጅ ሙያ አጥታ አታውቅም። የጎደለው ልኬት ነው፤ ልኬት ደግሞ የእኛ የሳይንስ ሰዎች ድርሻ ነው።